በጠላቂ ክንድ ላይ

መስከረም 18

ለእህቴ ለቁንጥንጧ፣

እንዴት ከረማችሁ? አንቺም ባልሽም፣ ስፌቱም ባሕሩም? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ ለሰው ጥርስ ስሠራ አጎነብሳለሁ፤ ከሥራ ስመለስ ሰዓቶቼ ላይ አጎነብሳለሁ፤ ወገቤ ቢያኮርፈኝ አልፈርድበትም። በስልክ ለጠየቅሽኝ በደብዳቤ የምመልሰው በስልክ ስለምታቋርጪኝ ነው። እዚህ ግን ወደድሽም ጠላሽም እስከ መጨረሻው ታነቢኛለሽ።

«ለባሌ ፎርጅድ ሰዓት ልትልክለት ነው?» አልሽ። ተቀይሜሻለሁ። ፎርጅድ የሚባለው ሰው ለማታለል የተሠራ ነው፤ እኔ ማንን አታለልኩ? ቀፎዋ ኮፒ ነው፣ አልክድም፤ ስሙ የገነነ የጠላቂ ሰዓት አስመስለው የሠሩት ነው። ግን ከውስጥ የነበረውን ቆሻሻ ሞተር አውጥቼ ደህና ሞተር አስገባሁ። ገጿን ቀየርኩ። ቆጣሪዎቿን ቀየርኩ። በጨለማ የሚያበራውን ቀለም በጥርስ መቀቢያ ብሩሼ ነጥብ በነጥብ ራሴ ቀባሁት። መስታወቷ አዲስ፣ ውሃ የሚከለክሉት ጎማዎቿም አዲስ ናቸው። ሰው ጥርሱን አስተክሎ ሲስቅ ሳቁን ፎርጅድ ትይዋለሽ?

ከሁሉም ያደከመችኝ ዙሪያዋን የሚዞረው ጥቁር ቀለበት ናት። ባልሽ ያውቀዋል፤ ለአንቺ ልንገርሽ። እንደ እሱ ያለ ጠላቂ ሊወርድ ሲል የቀለበቱን ነጥብ ከደቂቃ ቆጣሪው ትይዩ ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ ስንት ደቂቃ ውሃ ውስጥ እንደቆየ ከቀለበቱ ላይ ያነባል። የዚችኛዋ ነጥብ ከአሥራ ሁለት ቁጥር ጋር ልክ አልገጥምም ብላ የፀጉር ያህል ዝንፍ ትል ነበር። ይሄ ነገር እንዴት እንደሚያበግነኝ! በዓይን አይታይም፤ ፎቶ ላይ ሲጎላ ግን እንደ ተጣመመ የፊት ጥርስ ሌላ ነገር አያሳይሽም። ከቀለበቷ ሥር ቀጭን ሽቦ አለች፤ ሲያዞሯት ቀጭ ቀጭ የምታሰኘው፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ እንድትዞር የምትይዛት። እሷን ነቅዬ ጣልኳት። አሁን ቀለበቷ ያለ ድምፅ ሸርተት እያለች ወዲህም ወዲያም ትዞራለች፤ ነጥቧም አሥራ ሁለት ላይ ቁጭ! ሳያት ቀኑን ሙሉ ደስ ይለኛል።

ታዲያ በነፃ አይደለም የላክኋት። የሰዓት ወዳጆች ገጻችን ላይ የዓመቱ የፎቶ ውድድር ደርሷል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሁላችንም የጠላቂ ሰዓት ሰብሳቢዎች ነን፤ ባሕር የነካ ሰዓት ያለው ግን ከመካከላችን አንድም የለም። እኔ ራሴ ነጭ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬ በመስኮት ማጽጃ ጠርሙስ ውሃ እረጭባትና «ከባሕር የወጣች» ብዬ እለጥፋታለሁ። ባልሽ ባለፈው ሲመጣ «እነዚህ ሰዓቶች ከእጅ መታጠቢያ ሌላ ውሃ አያውቁም» ብሎ የሳቀብኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እንግዲህ እውነተኛ ባሕር ያሳያት። አንድ ፎቶ ብቻ፣ በእውነተኛ ጠላቂ ክንድ ላይ። ይሄን አታስቀሪብኝ።

ወንድምሽ

ጥቅምት 3

ለወንድም ጋሼ፣

ሰላምታህ ደርሶኛል፤ ወገብህን ግን እኔም አላዝንለትም። ሰው እንዴት ሥራውን ጨርሶ ሲገባ እንደገና ይጎብጣል?

ባሌ ወደዳት ወይ ብለህ በስልክ ለጠየቅከኝ፣ «ወደዳት» ትንሽ ቃል ናት። ሣጥኑን ሲከፍት ያየው ሰው አርባ ዓመት የሞላው አይለውም ነበር። እጁን ወዲያ ወዲህ እያደረገ መብራት ላይ ያያታል። መታጠቢያ ቤት ከነጠላቂ ልብሱ ገብቶ በሩን ዘግቶ በጨለማ ማብራቷን ሲያረጋግጥ ያዝኩት። ጎረቤት ሁሉ አይቷታል። «የባለቤቴ ወንድም በእጁ የሠራት ናት» ይላል፤ የኔን ስፌት ለማን እንዲህ እንዳሳየ አላውቅም።

ኩባንያው የራሱ መለኪያ የለውም ወይ ብለሃል። ነበረው። ጥልቀትና ደቂቃ የሚያሳየው መለኪያ ከሞተ ቆየ፤ ሲጠይቁ «ታዟል፣ ይመጣል» ነው መልሱ። ከላይ ጀልባው ላይ ቁጭ ብሎ ሰዓት የሚይዝለት ሰውም ነበር፤ አሁን ለሁለት ጀልባ አንድ ሰው አድርገውታል፤ ወዲያ ሲሄድ ወዲህ የለም። ሥራውን እንደሆነ ታውቀዋለህ፤ መርከብ ሆድ ሥር ገብቶ የተለጠፈውን ዛጎል መፋቅ፣ መርከቡን በሚገፋው ውልብልቢት ላይ የተጠመጠመ ገመድ መቁረጥ፣ ከዚያ ለባለመርከቡ ማሳያ እንዲሆን በሥራ ካሜራ ፎቶ ማንሳት። ስለዚህ ስጦታህ ጌጥ አልሆነችለትም፤ ለሥራ ይዟት እየወረደ ነው። «ኩባንያው ያላሰበልኝን ወንድምሽ አሰበልኝ» ብሎ ሲናገር ሆዴ ባባ። ፎቶህን አልረሳም፤ «ቆንጆ ውሃ ሳገኝ» ብሏል። ሰሞኑን የወደቡ ውሃ ድፍርስ ያለ ጭቃ ነው።

እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያቺ ነቅዬ ጣልኳት ያልካት ሽቦ ለምንም አታስፈልግም? እንደምታውቀው ቱታ ስንሰፋ ትርፍ የሚመስል ስፌት አለ፤ አሠሪያችን አንዷን ብንዘል ትጮህብናለች። ካስፈለገች መልሰህ ንገረኝ፣ እነግረዋለሁ።

እህትህ

ጥቅምት 21

ለቁንጥንጧ፣

ስለ ሽቦዋ አትጨነቂ። ድምፅ ማሰሚያ ናት በያት። ለእሱም አትንገሪው፤ ሰው የሰጡትን ነገር ጉድለቱን ከነገሩት ደስታው ይበላሻል። ፋብሪካ እንደሠራት አድርጎ ይያዛት። እኔ እኮ እዚህ ስንቱን ሰዓት ነካክቼ ሰጥቻለሁ፤ እስካሁን አንድ ሰው ቅር ብሎት አያውቅም።

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ውድድሩ ሊዘጋ ነው! ያ ቀይ ገጽ ያለው ሰዓት ባለቤት፣ ስለዚያ የባንክ ሠራተኛ ነግሬሽ የለ? ሰዓቱን የዓሣ ማሳያ ገንዳ ውስጥ ከቶ አንስቶ ለጥፏል። ሰዉ ሁሉ «ዋው» እያለለት ነው። ገንዳ ውስጥ! ከጀርባው ፕላስቲክ ተክል ይታያል! እንዲህ ያለ ሰው አንደኛ ሲወጣ ማየት አልችልም። ባልሽን ለምኚልኝ። ውሃው ጭቃም ቢሆን ግድ የለም፤ እንዲያውም እውነተኛ ይመስላል። ስልክ ስደውል ለምን አታነሺም? እሱም አያነሳም። ሥራ በዝቶባችሁ ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

ወንድምሽ

ኅዳር 9

ለወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። ስልክ ያላነሳሁት ከቤት ስለማልገኝ ነው። ባሌ ሰላም ብሎሃል። ሥራ አልገባም፤ ለጊዜው እረፍት ላይ ነው፤ ብዙ ይተኛል።

ፎቶውን በስልክህ ልኬልሃለሁ። የጀልባው ሹፌር ከሥራ ካሜራው ላይ አውጥቶ የሰጠኝ ነው። የባሌ ክንድ ነው፤ ከኋላ የሚታየው የመርከቡ ውልብልቢት ነው። ገመዱን ቆርጦ ሲጨርስ ያነሳው ይመስለኛል። አንተ እንደፈለግከው ሆኖልህ እንደሆነ አላውቅም።

እሱ ለምን ስልክ አያነሳም ላልከው አሁን አልመልስልህም። ቅር አይበልህ። እጄ ላይ ብዙ ነገር አለ።

እህትህ

ኅዳር 22

የኔ እመቤት፣ የኔ አለኝታ፣

ምን ብዬ ላመስግንሽ! ፎቶውን ስከፍት ከወንበሬ ተነሳሁ፤ የላቦራቶሪው ሰው ሁሉ ምን ሆነ ብሎ ዞረ። ያ አረንጓዴ ውሃ! ያ የተቧጨረ የጎማ ልብስ! ከጀርባ ያ ግዙፍ ብረት! መሃል ላይ የኔ ሰዓት፣ እኔ የቀባሁት ነጥብ እንደ ፋኖስ እያበራ። እኛ ስንት ዓመት ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ውሃ ስንረጭ ኖርን።

አንደኛ ወጣሁ! ባለገንዳው ሦስተኛ ነው። ከከርሞ ጀምሮ ደግሞ ከዳኞቹ አንዱ አድርገውኛል። ሰው ሰዓቱን እንድሠራለት ወረፋ ይዞልኛል፤ «እጁ በባሕር የተፈተነ» እየተባልኩ ነው።

ከፎቶው ሥር ጻፍክ የሚሉት ምንድነው ብለሽ በመልእክት ለጠየቅሽኝ፣ ይኸው ቃል በቃል፦ «አማቼ ለዚች ለአንዲት ፎቶ ብሎ ባሕር ሥር ወረደ። ሥራ አልነበረውም፤ ሰዓቷን ለማክበር ብቻ!» ቆንጆ አይደለም? ሥራ ላይ ሳለ ነው ያነሳው ብል ማን ያነበዋል። ትንሽ ቅመም ጨመርኩበት እንጂ ማንን ጎዳሁ?

«ዛሬውኑ አጥፋው» ማለትሽ ግን ግራ ገባኝ። አሁን ባጠፋውስ? ስንቱ ሰው ወስዶ በየገጹ ለጥፎታል። ደግሞ ለምን ተቆጣሽ? ባልሽ ስሙ አልተጠራ፣ ፊቱ አይታይ። ክንዱ ነው የሚታየው፤ በእንዲህ ያለ ክንድ ደግሞ ሊኮራ ይገባዋል። እረፍቱን ሲጨርስ ሌላ አንድ ሁለት ፎቶ እንዲያነሳልኝ ከወዲሁ ለምኚልኝ።

ወንድምሽ፣ ዳኛው

ታኅሣሥ 5

ወንድም ጋሼ፣

በስልክ ልነግርህ አልችልም፤ እሱ አጠገቤ ነው፣ ሁልጊዜ አጠገቤ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብለህ አንብብ።

ባሌ እረፍት ላይ አይደለም። ከወገቡ በታች አይሰማውም። ፎቶውን ባነሳ ቀን ነው የሆነው። ያን ጊዜ ያልነገርኩህ እሱ «አትንገሪው፣ ይደነግጣል፤ ፎቶውን ብቻ ላኪለት፣ ሲጠብቅ ነበር» ስላለኝ ነው። የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው የላክሁልህ።

እንዴት እንደሆነ ጠየቅከኝ ብዬ ልንገርህ፣ ምክንያቱም አልጠየቅከኝም። ጥልቀት ላይ ከተወሰነ ደቂቃ በላይ የቆየ ሰው ቀጥ ብሎ አይወጣም። መንገድ ላይ እየቆመ፣ እየተነፈሰ፣ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ካልሆነ ደሙ ውስጥ አየር አረፋ ይሠራል፤ አረፋው የነካውን ይገድላል። ባሌ ይሄን ከኔ ስም በፊት ያውቀዋል። ገመዱን እየቆረጠ ሳለ ክንዱ ውልብልቢቱን ገጨው። ቀለበቱ ዞረ። ጎበዝ ነህና አስበው፣ ወደ ፊት ነው የዞረው። ስለዚህ ሰዓቱን ሲያይ የቆየበት ጊዜ አንሶ ታየው። ገና ጊዜ አለኝ ብሎ ሥራውን ጨረሰ፣ ለአንተ ፎቶ አነሳ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወጣ። ጀልባው ላይ ከወጣ በኋላ ሻይ ጠጥቶ ቀልዷል አሉ። ሊነሳ ሲል እግሩ አልታዘዝ አለው።

ሆስፒታል ሳለን የመጣውን አንድ ሌላ ጠላቂ ጠየቅሁት። ያቺ ሽቦ ድምፅ ማሰሚያ አይደለችም። ቀለበቱ ወደ ኋላ ብቻ እንዲዞር የምትይዝ ናት። ወደ ኋላ ከዞረ ጠላቂው ብዙ የቆየ ይመስለዋል፣ ቶሎ ይወጣል፣ ይተርፋል። ሰዓት ሠሪዎቹ ያቺን ሽቦ ያስገቧት ለዚህ ብቻ ነው። ልጅም ያውቀዋል አለኝ። አንተ ስንት ዓመት ሰበሰብክ?

ባሌ ሽቦ እንዳልነበረ አያውቅም። «ስገጨው ተሰበረብኝ፣ የወንድምሽን ዕቃ አበላሸሁበት» ይላል። አፌ ድረስ ይመጣል፣ እውጠዋለሁ።

አሁን ደግሞ ጽሑፍህ። የኩባንያው የደህንነት ኃላፊ ሰዓት ወዳጅ ኖሯል። ከማኅበራችሁ ነው። ፎቶህን «ወድጄዋለሁ» ብሎ ተጭኖልሃል፤ ስሙን ፈልግ ታገኘዋለህ። ጽሑፍህን አትሞ ከባሌ ፋይል ውስጥ ጨምሮታል። «የገዛ አማቹ ሥራ አልነበረውም፣ ለፎቶ ነው የወረደው ብሏል፤ ይሄ የሥራ ላይ ጉዳት አይደለም» እያሉን ነው። የሥራ ጉዳት ካልሆነ ሕክምናው ይቆማል። ሐኪሙ አሁን ባሉት ወራት ያልመለስነው አይመለስም ብሎናል። ጣቱን ማንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር።

ትንሽ ቅመም አልክ።

እህትህ

ታኅሣሥ 17

እህቴ፣ የናቴ ልጅ፣

ደብዳቤሽን ይዤ የቱ ጋ እንደተቀመጥኩ አላስታውስም። ለሁለት ቀን የያዝኩትን ሁሉ እየጣልኩ ነው። ለአንዲት ሴትዮ የሠራሁት ጥርስ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ፤ ያን ስለቅም አለቀስኩ። እሱ እኮ ወንድሜ ነው። እኔ ወንድሜን ለመጉዳት…

ጽሑፉን አጥፍቻለሁ። የፈለግሽውን አደርጋለሁ፤ መጥቼ ላስታምመው? ምን ይዤ ልምጣ?

ሽቦዋን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ላስረዳሽ፣ እንዳትቆጪኝ። ሽቦዋ ብትኖርም እኮ እንዲያ ያለ ብረት ከገጫት ልትሰበር ትችል ነበር። ማን ያውቃል? የድሮዎቹ የጠላቂ ሰዓቶች፣ ዛሬ ስንት የሚያወጡት፣ ብዙዎቹ ሽቦ አልነበራቸውም፤ ሰው ወርዶባቸዋል። ጥፋቴን ለመሸፈን አይደለም። ነገሩ ሙሉ በሙሉ እኔ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ነው። ዋናው ጥፋተኛ ያንን መለኪያ ያላስጠገነው ኩባንያ ነው፤ ሰዓት ያዡን ለሁለት ጀልባ ያካፈለውስ እኔ ነኝ?

ምን እንድጽፍልሽ እንደምትፈልጊ ንገሪኝ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 28

ወንድም ጋሼ፣

አትምጣ። ምንም ይዘህ አትምጣ። ባሌ ሲያይህ ሊያጽናናህ ይጀምራል፤ እኔ ያንን ቁጭ ብዬ ማየት አልችልም።

ምን ልጻፍ አልክ። ሁለት ዓረፍተ ነገር። አንደኛ፦ ለፎቶ ነው የወረደው ያልኩት ጉራ ነው፣ ሥራ ላይ ነበር። ሁለተኛ፦ የቀለበቱን ሽቦ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ለእሱም አልነገርኩትም። በቃ። ፈርምበት፣ ላክ።

ሁለተኛው ለምን እንዳስፈለገ አንተ ራስህ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። የአደጋ መርማሪው ከመንግሥት የመጣ ሰው ነው፣ ክፉ አይመስልም፣ ነገሩን እንዲህ አድርጎ አስረዳኝ። ሰዓቱ ብልሽት ከነበረበት ባሌ ያየውን አምኖ ነው የሠራው፤ መለኪያ ሳይሰጠው በገዛ ሰዓቱ እንዲወርድ ያደረገው ደግሞ ኩባንያው ነው፤ ጥፋቱ ወደ እነሱ ይሄዳል። ሰዓቱ ደህና ከነበረ ግን ባሌ እያወቀ ቆይቷል ማለት ነው፤ ጥፋቱ የራሱ ይሆናል። የተረፈው ሰዓት ደግሞ ባሌን ከጀልባ ሲያወርዱት ከብረት ተጋጭቶ ቀለበቱ ተፈንቅሎ፣ መስታወቱ ተሰንጥቆ ነው ያለው። ሽቦው የጠፋው ድሮ ይሁን ያን ቀን በማየት አይታወቅም። የሚያውቀው የሠራው ሰው ነው።

የሰዓት ወዳጆችህ ምን ይሉኛል ብለህ እንደምታስብ አውቃለሁ። አሳዳጊህ አይደለሁም፣ ታናሽህ ነኝ፣ ግን አውቅሃለሁ። ወረፋ የያዙልህ ሁሉ ሰዓታቸውን ከፍተው ሽቦ ይፈልጋሉ። ይፈልጉ። አንተ ይሄን ስታስብ እኔ ባሌን እያገላበጥኩ ነው፤ ጎኑ እንዳይቆስል። ከባድ ሰው ነው። ስፌቱን ትቻለሁ።

እለምንሃለሁ። ለምኜህ አላውቅም፣ ልብ በል።

እህትህ

ጥር 14

ለእህቴ፣

እንኳን ደስ ያለሽ ልበልሽ፣ ልኬዋለሁ! በአደራ ደብዳቤ ነው የላክሁት፣ መርማሪው እጅ ገብቷል። ክብደት እንዲኖረው በላቦራቶሪው ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ማዕረጌን አስገብቼ፣ ማኅተም አስመትቼበታለሁ። የመጀመሪያውን ነጥብ አንቺ ካልሽው በላይ አድርጌ ጻፍኩት። «በውድድር ስሜት ተገፋፍቼ ሐሰት ጽፌያለሁ፤ አማቼ መደበኛ ሥራውን በመሥራት ላይ ነበር» ብያለሁ። ሐሰት የምትለዋን ቃል ሦስት ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍኳት። ማኅበሩ ቢያይ ዳኝነቴን ይነሳኛል፤ ይንሳኝ።

«ሁለቱንም ጻፍክ ወይ» ለሚለው መልእክትሽ፣ እባክሽ በእርጋታ አንብቢኝ። አንድ ደንበኛዬ ጠበቃ ነው፤ ስም ሳልጠራ አማከርኩት። እንዲህ ያለ ነገር በፊርማው ያመነ ሰው ሊከሰስ ይችላል አለኝ። ልታሰር እችላለሁ ማለት ነው። ሥራዬም ይሄዳል፤ ሰው ጥርሱን በተከሰሰ ሰው ያሠራል? እኔ ታስሬ ለእናንተ ምን እጠቅማለሁ? ስለዚህ ሽቦዋን በተመለከተ «ሰዓቷ ከእጄ ስትወጣ በደህና ሁኔታ ላይ ነበረች» ብዬ ብቻ አለፍኩት። ውሸትም አይደለም። ሰዓቷ በደንብ ትሠራ ነበር፤ በቀን የአንድ ሴኮንድ ልዩነት እንኳ አልነበራትም።

ዋናው ነገር የመጀመሪያው ነው። ለፎቶ አልወረደም ካልኩ ሥራ ላይ ነበር ማለት ነው፤ ሥራ ላይ ከነበረ ጉዳቱ የሥራ ነው። ይሄ ግልጽ ነው። ታያለሽ፣ ያሸንፋል። እኔ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ወንድምሽ

የካቲት 10

ወንድም ጋሼ፣

ምን ተወሰነ ብለህ በየቀኑ መልእክት ልከሃል። አሁን ሰዓት አገኘሁ።

ጉዳዩ የታየው የኩባንያው ጽሕፈት ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ባሌን አራት ሰው ተሸክሞ ያውጣው ወይስ ታች ይጠብቅ ሲሉ፣ እሱ ራሱ «እዚሁ እጠብቃለሁ፣ አታስቸግሯቸው» አለ። ደረጃው ሥር፣ ሰው ጃንጥላ የሚያስቀምጥበት ጥግ አስጠግቼው ብቻዬን ወጣሁ። ያማረ ሸሚዙን ለብሶ ነበር። የራሱ ጉዳይ ሲታይ ሰውየው የሕንፃ መግቢያ ላይ ነበር።

ቃልህ ተነበበ። መጀመሪያ ያልከውን ሲያነቡ ደስ አለኝ፤ ላመሰግንህም ነበር። መርማሪውም ለፎቶ ነው የወረደው የሚለውን ሰረዘው። ቀጥሎ የደህንነት ኃላፊው፣ ያ ወዳጅህ፣ ተነሳ። «እንግዲያው ሰዓቱ ከሠሪው እጅ ደህና ሆኖ እንደወጣ ባለሙያው በማኅተም አረጋግጧል» አለ። «ስለዚህ ሠራተኛው ደህና ሰዓት ይዞ ከተፈቀደው በላይ ቆይቷል። ይሄ የግል ቸልተኝነት ነው።» ማኅተሙን በጣቱ ይነካው ነበር። ክብደት እንዲኖረው ብለህ አይደል ያስመታኸው? ክብደት ነበረው።

የመስከረሙን ደብዳቤህን አወጣሁ። አዎ፣ አሳልፌ ልሰጥህ አስቤ ነበር፣ አላፈርኩም። ነቅዬ ጣልኳት ያልክበትን አነበብኩላቸው። መርማሪው ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ «ስም የለውም፣ ፊርማ የለውም፣ ‹ለቁንጥንጧ› ነው የሚለው። የባልሽ ጉዳይ ስለሆነ አንቺም ጻፍሽው ሊሉሽ ይችላሉ። ሰውየው ራሱ በፊርማው ተቃራኒውን ብሏል» አለኝ። አዘነልኝ፣ አየሁት። ማዘኑ ግን ወረቀቱን አልቀየረውም። ወሰኑ። ሕክምናው በዚህ ወር ያበቃል። ይግባኝ አለ ይላሉ፤ ይግባኙ እስኪታይ ሐኪሙ ያላቸው ወራት ያልቃሉ።

ምንም ባትጽፍ ይሻል ነበር። ይሄን ስነግርህ ተናድጄ አይደለም፤ መናደዱ አልፏል። ዝም ብትል ኖሮ መርማሪው በጥርጣሬ ወደ ባሌ ሊያደላ ይችል ነበር፤ ራሱ ነው የነገረኝ፣ ደረጃው ላይ። ግማሹን ተናገርክና ለራስህ እንቅልፍ ገዛህ። ለኛ የተረፈን ሌላው ግማሽ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ለዚህ ነው ደብዳቤውን የጻፍኩት።

ስወርድ ባሌ ፊቴን አይቶ ገባው። ስለ ውሳኔው አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ «ወንድምሽ ጻፈልን?» ብሎ ነው። እዚያ ደረጃ ሥር፣ ሰው እየወጣ እየወረደ፣ ምን ልበለው? ኩባንያው ከድቶታል። እግሩ ከድቶታል። አንተን ሦስተኛ አድርጌ ልጨምርበት አልቻልኩም። «ጽፏል» አልኩት። «የሚያውቀውን ሁሉ ጽፏል፣ አንድም ነገር አላስቀረም፤ እነሱ ናቸው አንሰማም ያሉት።»

ከአደጋው ወዲህ ሲያለቅስ አላየሁትም ነበር። እዚያ አለቀሰ። «ለኔ ብሎ ራሱን አዋረደ ማለት ነው» አለ። «ሰው ለገዛ ወንድሙ የማያደርገውን።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ የለውም። የጎበኘው ሰው ሁሉ ያንተን ነገር ይሰማል። ትናንት የታችኛው ሱቅ ባለቤት መጥቶ «እንዲህ ያለ አማች ይስጠን» ብሎ ሄደ፤ እኔ ሻይ እየቀዳሁ ነበር።

በአካል ሊያመሰግንህ ይፈልጋል። አትምጣ ብዬህ ነበር፤ አሁን ና። እሑድ ጠዋት ይሻላል፣ ተላጭቶ ይጠብቅሃል። አልጋው አጠገብ ወንበር አስቀምጥልሃለሁ። ፊት ለፊቱ ተቀመጥ። እጅህን ይይዛል፤ አትንጠቀው። እውነቱን ልትነግረው ቢቃጣህ አፍህን ያዝ፤ መናገሪያ ቦታና ጊዜ ነበረህ፣ አልፏል። ምስጋናውን እስከ መጨረሻው ስማው፤ ረጅም ነው፣ እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ።

ከዚያ በኋላ መሄድ ትችላለህ።

እህትህ